አህያው ያልረሳው ጥግ

ጦርነት በመታው የጀብራ ሰፈር ውስጥ፣ የፈረሰው ዳቦ ቤት ጥግ ላይ፣ የረሺድ አህያ ከውሃ ጋሪው እንደተጠመደ ተገትሮ ቀረ። ረሺድ "ያላ! ያላ!" እያለ በአለንጋ ቢሸነቁጠው ወይ ፍንክች። ውሃውን የምትጠብቀው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ተናደደች። የአምስት ዓመት የልጅ ልጇ ኤደን ግን እጇን አስለቅቃ አህያውን ልትዳብስ ሮጠች። በዚያ ሲያልፍ የነበረው መምህር ጥዑመልሳን የረሺድን እጅ ያዘ።

"ተወው ወንድሜ፤ እዚህ የደረሰበት ነገር ቢኖር ነው።"

"አለ እንጂ ልጄ!" አለች ወሰንየለሽ። "ከባድ መሣሪያ የወደቀ ዕለት አህያው እዚሁ ነበር። የእኔም ልጅ ሜላት የሞተችው እዚሁ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ልጇ አታውቅም፤ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናትሽ ለሥራ ጅዳ ሄዳለች ብያታለሁ። ፎቶዋን ቆልፌበታለሁ፤ ስሟም በቤቴ አይነሳም። ተመስገን፣ ረስታታለች።"

መርዶ መደበቅ እናውቅበታለን። ለአዋቂ በማለዳ፣ በዘመድ፣ በዘዴ እናረዳለን፤ ለልጅ ግን ጭራሽ አናረዳም፤ ይህንንም ርኅራኄ እንለዋለን።

"ድፍረት አይሁንብኝና እትዬ" አለ መምህሩ፣ "አህያው የደነገጠበትን ቦታ ለማስታወስ የሚያዋራው አያስፈልገውም። ምግባቸውን የት እንደቀበሩ፣ ከቀበሩትም ስንት ቀን እንደሆነው የሚያውቁ ወፎችም አሉ። የሰው ልጅ ግን በሕፃንነቱ ካየው አብዛኛው ይጠፋበታል። 'ያን ቀን እንዲህ አድርገን አልነበር?' እያለ የሚያጫውተው ሲኖር ነው የሚተርፍለት።"

"ቢጠፋስ? የሚጠፋው ሐዘን አይደል?"

"ድንጋጤው መች ይጠፋል? በር ሲንኳኳ ምን ታደርጋለች?"

ወሰንየለሽ ወደ ኤደን ዞረች። ልጅቷ አልጋ ሥር ነበር የምትገባው።

"እስኪ ስለ እናቷ ይጠይቋት።"

ወሰንየለሽ እንደ መሳቅ አለች። "ኤዱ፣ እማዬ ትዝ ትልሻለች?"

ኤደን ከአህያው ዓይኗን አላነሳችም። "ጥላኝ ጅዳ ሄደች። እኔም አልፈልጋትም፣ ኸላስ፣ በቃ።"

ወሰንየለሽ ጋሪውን ተደገፈች። ልጇን ሁለተኛ የቀበረቻት እሷው ራሷ ነበረች።

"ገና አልመሸም እትዬ" አለ መምህሩ። "ፎቶውን ያውጡት፤ እውነቱን በልኳ ይንገሯት። የተወደደች መሆኗን ያወቀች ልጅ ሐዘኑን ትችለዋለች፤ ጥላኝ ሄደች እያለች ከማደግ ይሻላታል። እርስዎም ብቻዎን አይሸከሙትም።"

አልተከራከረችም። እዚያው ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷን እቅፍ አድርጋ፣ እናቷ ጅዳ እንዳልሄደች፣ እዚህ እንደሞተች፣ በሞተችበት ሰዓት እንኳ እሷን ከሥሯ አድርጋ ሸፍናት እንደነበር ነገረቻት።

"ሀቦባ" አለች ኤደን አያቷን፣ "እማ እኔን ምን ብላ ነበር የምትጠራኝ?"

ወሰንየለሽ አፏን ከፈተች። ሜላት ለልጇ ያወጣችላት የቁልምጫ ስም ነበር፤ ከእሷ በቀር በዚያ ስም የሚጠራት አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት አልተነሳም። ወሰንየለሽ ፈለገችው፣ ደግማ ፈለገችው። አልመጣላትም።