ኤዶ ሐዋን ያስነሳው አናናስ

በእኛ የሹፍርና ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አናናስ የሚመረጠው በአፍንጫ ነበር። አትሳቁ! በአፍንጫ ነው የምላችሁ።

ታዲያ ጦርነት ነው። ሀርጌሳ። በአየር ማረፊያው በኩል ተኩስ፣ የበርበራ መንገድ ዝግ፣ እኔ ደግሞ አንድ መኪና አናናስ ጭኜ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ተገትሬያለሁ። ባለንብረቱ ነጋዴ ከበርበራ፣ "ሳይበሰብስ ለሰው አከፋፍለው" ብሎ ላከብኝ። እና አከፋፈልኩ። ለጎረቤቱ፣ ለታጣቂው። ፍየሉ ሁሉ ልጣጭ ጠገበ።

ያረፍኩበት ግቢ ባለቤት ኤዶ ሐዋ ትባላለች፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ወባ ይዟት ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ እህል ግን እምቢ አለች። ሰፈሩ ደግሞ ወደ እኛ ድንበር እየሸሸ ነው። ልጇ አብዲ፣ "ወንድሜ፣ በመኪናህ ውሰደን" ይለኛል። እንዴት አድርጌ? ቀና ማለት ያቃታትን ሴት በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ መንገድ? መንገድ ላይ ትሞትብናለች። ትተናትም አንሄድ። ታዲያ ነገሩ አንድ ነው፤ ሐዋ ትብላ።

ምግብ የምትሠራልን ዘነበች ነበረች፣ የጎንደር ልጅ።

"አናናስ እንስጣት" አልኳት። "ደህና ደህናውን ለአንቺ አልሰጠሁሽም?"

"ቀብሬዋለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"ጤፍ ውስጥ ነዋ! እንዲበስል።"

ሰማችሁ? እንደ ሙዝ! እንደ አቮካዶ!

"አንቺ ሴትዮ፣ አናናስ አንዴ ከተክሉ ከተቆረጠ ከዚያ ወዲያ አይበስልም፣ ይበሰብሳል እንጂ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው!"

"አንተ መሪ ከመጨበጥ ሌላ ምን ታውቃለህ?"

ስናወጣው ጠላ ጠላ ይሸታል። ጤፉም ረጥቧል። አብዲ አፍንጫውን ይዞ፣ "አስተግፊሩላህ!" እያለ ሮጠ።

ካከፋፈልኩት የተረፈ ጥቂት ሳጥን ነበርና ወደ መኪናው ወጣሁ። ከሸራው ሥር ገባሁ። ወዲያ ማዶ ዱም! ዱም! እኔ አናናስ አሸታለሁ። ዘነበች ከታች፣ "ቢጫውን! ቢጫውን አምጣ!" ትላለች። ቀለሙ ያታልላል፣ ልጆቼ። ገልብጣችሁ መቀመጫውን አሽትቱ። ምንም ካልሸተተ ጥሬ ነው። ኮምጠጥ ካለ አልፎበታል። ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው፣ እጅ ላይ ከከበደ፣ ቅጠሉም ካልደረቀ፣ እሱ ነው። እና ንፋስ ከሚያገኘው ሳጥን አንድ ተገኘ። አንድ ብቻ!

ላጥኩት። ዓይን ዓይኑን አወጣሁ። ስስ አድርጌ ቆርጬ ከንፈሯን አስነካኋት። መጠጠች። ሌላ ሰጠኋት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

"ሩዙስ?" አለች በሶማሊኛ።

"ምን አለች?" ዘነበች ናት።

"ሩዝ አምጡ ትላለች።"

"አናናስ በሩዝ? ኧረ በማርያም!"

እነሱ ሙዝ በሩዝ ይበሉ የለ? ታዲያ አናናሱ ምን አጠፋ? ሩዙ መጣ፣ በላች። እና ጥቂት እንደበላች ማንኪያውን አስቀምጣ፣ "ይህን ማን ነው የቀቀለው? ጨው አልቋል እንዴ? እኔ ብተኛ ቤቴን እንዲህ ታደርጉታላችሁ?" ብላ ወረደችብን። ዘነበች ተሰድባ እልል አለች። አብዲ አለቀሰ። ወባ ሳይዛት የምናውቃት ሐዋ እንዲህ ነበረቻ!

በነጋታው ተነሳን። አብዲ፣ "ሆዮ፣ ልሸከምሽ?" አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው። "እግር የለኝም እንዴ?" ብላ በደጋፊ ጋቢና ገባች፣ እሱን ከዘነበች ጋር ጭነቱ ላይ ሰደደችው። የቀረውን አናናስ በሳህን ይዛ እየበላች እስከ ጅጅጋ ዝም አላለችም። ዘነበች ከላይ የጋቢናውን ጣሪያ እየደበደበች፣

"ምን ትላለች?"

"መንዳት አትችልም ትላለች!"

"እሰይ! ትበል! ትበል!"

እንዲያ እየተሰደብኩ ደስ ብሎኝ የነዳሁት፣ ልጆቼ፣ ያን ቀን ብቻ ነው። (ሳቅ)