የአባ ምስማር መደርደሪያ

ከገበያ ስመለስ ደረጃው ላይ ከጎረቤታችን ጋር ተገጣጠምን። ሽማግሌው የግድግዳ መብሻ ድሪላቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ይወጡ ነበር። ያልቸነከሩት ግድግዳ ስለሌለ ሰፈሩ «አባ ምስማር» ይላቸዋል።

«አባባ፣ ደህና ዋሉ? ምን ሊሠሩ ነው?»

«ለአሮጊቷ መደርደሪያ ልሰቅል። ጉልበቷን እያመማት ጎንበስ ብላ ድስት ማንሳት አቅቷታል። ዛሬ ከዓይኗ ፊት አደርግላታለሁ።»

ሐሳባቸው ደስ አሰኘኝ፤ ድሪሉ ግን አስፈራኝ። ስጉ ነኝ፤ ልጆቼ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ልቤ ይደነግጣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሙያ የምትማረውን ልጄን ጠርቼ ተከትለናቸው ገባን።

ባለቤታቸው ወጥ ቤት ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። አባባ ከማብሪያ ማጥፊያው ራቅ ብለው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገዋል።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ሽቦ አለመኖሩን አረጋግጠዋል?» አለች ልጄ።

«ይህን ግድግዳ የለሰንኩት እኔ ነኝ! ሽቦው ከጣሪያ ወደ ማብሪያው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ደግሞ ስሚ።» በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረጉት። «ሰማሽ? ድፍን ነው። ጆሮዬ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ ሚስታቸው ከድንቹ ቀና ሳይሉ።

«ሲያንኳኩት ድፍን ወይም ክፍት መሆኑን ይነግርዎታል» አለች ልጄ። «ልስን ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ግን አቤት አይልም። ከማብሪያው ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም ሊሄድ ይችላል።»

«ዕድሜ ልኬን ስበሳ አንድም ቀን ኮረንቲ አልያዘኝም!»

«እሱ ዕድልዎ ነው አባባ። ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ ቤት አይውልም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አፏን አየሽልኝ?»

«ይቅር ይበሏት አባባ። ግን ብትሞክረው ምን ይጎዳዎታል?» አልኩ።

ልጄ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ሲጠጉት የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ አወጣች። መጀመሪያ መሥራቱን ለማየት ማብሪያው አጠገብ ሞከረችው፤ ጮኸ። ከዚያ በግድግዳው ላይ ቀስ እያደረገች አስኬደችው። ዝም አለ። የእርሳሱ ምልክት ላይ ሲደርስ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ!

«ይሄ ዕቃ እንደ እናትሽ ፈሪ ነው» አሉ አባባ።

ልጄ ስቃ የወጥ ቤቱን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን ብሬከር አጠፋችና መሣሪያውን መልሳ አስጠጋችው፤ አሁን ዝም አለ። ልስኑን በጥንቃቄ ፋቅ ፋቅ ስታደርገው በአግድም የተጋደመ ግራጫ ሽቦ ብቅ አለ። ድሪሉ ሊገባ የነበረው መሐሉ ላይ ነው።

አባባ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እዚህ ምን አመጣው?»

«እዚህ ጋ በር አልነበረም እንዴ?» አሉ ሚስታቸው። «በሩን ስትደፍን ማብሪያው ተዛወረ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦውን ዙሪያውን ልውሰደው ቢል፣ ልለስንበት ነውና ቶሎ በል ብለህ በአቋራጭ ያስኬድከው አንተ ነህ።»

«አንቺ ሴት! ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅሽ ዝም ትያለሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? አንተ የምትጠይቀው ግድግዳውን ነው።»

ሳቃችን ረገብ ሲል አባባ ሽቦውን ትክ ብለው አዩት። «ድስቱን ላቀርብላት ብዬ ራሴን ላርቅባት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በይ ልጄ፣ የት ልብሳ?»

ልጄ የሽቦውን መንገድ እስከ ጫፉ ተከትላ በጠመኔ አሰመረችና ከእሱ የራቀ ቦታ አሳየቻቸው። ብሬከሩ እንደጠፋ፣ ድሪሉ ከሳሎን ሶኬት ተሰክቶ መደርደሪያው ተሰቀለ። የፋቀችውንም አባባ ራሳቸው ለሰኑት።

እናንተም ቤት ያላችሁ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ከማብሪያና ከሶኬት በላይ፣ በታችና በጎን ካለው ቦታ እጃችሁን ሰብስቡ። በመሣሪያ አስፈትሹ፤ መሣሪያም ይሳሳታልና ብሬከሩን ማጥፋት አትርሱ። ቤቱ ታድሶ እንደሆነ ሲታደስ የነበረውን ሰው ጠይቁ። ይህን ያደረገ ሰው መብራቱም ሳይቋረጥ፣ ግድግዳውም ሳይፈርስ፣ ከሁሉም በላይ ራሱ በጤና ውሎ ያድራል።

የአባባ ባለቤት ድስታቸውን አሁን ቆመው ያነሳሉ። አባ ምስማርም ድሪል ሊዋስ የሚመጣውን ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ያስቆሙታል፦

«መጀመሪያ ሚስትህን ጠይቀሃል?»