የድረ ገጽ ሠሪው የአቶ ተክለ ጻድቅ ቅናት

ከሬንተንና ከኬንት፣ ከማውንት ቤከርም ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ፈረቃችሁን ለሰው ሰጥታችሁ ከሐዘናችን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ የአቶ ተክለ ጻድቅ ገብረሕይወትን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናሰማችኋለን። ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት በተቀመጠ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰምሃል አንድ አደራ ሰጥተዋል፤ ደግ ነበሩ፣ ሥራ ወዳድ ነበሩ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ ተብሎ ብቻ እንዳይነበብ፣ ቀናተኛ እንደነበሩም ሳይሸሸግ እንዲነገር፣ አለበለዚያ ግን እዚህ የተሰበሰበው ሰው የሌላ ሰው ቀብር ላይ የተገኘ ይመስለዋል ብለዋል። እውነታቸውን ነው።

አቶ ተክለ ጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሕይወት ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ደስታ በ1956 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው። አቶ ተክለ ጻድቅ ገና ተማሪ ሳሉ የሱቅ ማስታወቂያ በቀለም የሚጽፍ አንድ ሰው ለስፌት ቤቱ ያማረ ሰሌዳ ጻፈ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሲያደንቅ እርሳቸው ምሳ አልበላም ብለው ዋሉ። እናታቸው ልጄን አመመብኝ ብለው ቢጨነቁም፣ ሕመሙ አባታቸው ያንን ሰሌዳ ቀና ብለው እያዩ ፈገግ ማለታቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩሽ ይዘው ፊደል ማሳመርን ተማሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፈጸሙበት ጊዜም የገበያው ባለሱቆች ሰሌዳቸውን የሚያስጽፉት በእርሳቸው ስለነበር ያ ሰው ሥራውን ይዞ ሞጆ ገብቷል። አቶ ተክለ ጻድቅ ይህን ሲያወሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም ነበር።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በአንድ ማተሚያ ቤት በገጽ አቀናባሪነት ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ወደዚህ ወደ ሲያትል መጡ። እንደ ማናችንም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተዋል፣ ታክሲ ነድተዋል፤ ጎን ለጎንም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የማታ ትምህርት ድረ ገጽ መሥራትን ተማሩ። ትምህርቱን የጀመሩት አብሯቸው ታክሲ የሚነዳ ሰው እየተማረ መሆኑን በሰሙ ማግሥት ነው። ሰውዬው በመንፈቁ ሲያቋርጥ እርሳቸው ጨረሱ። በ1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰምሃል ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ኤዶምንና አቤልን አፍርተዋል።

ሥራቸውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ደንበኞቻቸው ነበራችሁና። መጀመሪያ ድረ ገጽ ሥራልኝ ያላቸው ሰው ሱቅ ሄደው አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጠው፣ ማን እንደሚገባና ምን እንደሚጠይቅ ሳያዩ ኮምፒውተር አይከፍቱም ነበር። መስኮቱ የቆሸሸ ከሆነም አስወልውለው ነው ፎቶ የሚያነሡት። ከሁሉም በላይ የሚኮሩበት ግን ለምግብ ቤቶች ያዘጋጁት ዘዴ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታም ሲገቡ፣ ገጹ ማንም ሳይነካው የጾም ምግቦቹን ከላይ ያመጣል። የዐቢይ ጾም መግቢያ በየዓመቱ ቢለዋወጥም ገጹ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስቶ በሁዳዴ ጥብስ ከላይ አሳይቶ አያውቅም። ዘዴውን ለማንም አላሳዩም፤ የጠየቃቸውንም ሰው በጎሪጥ አይተው ወሬ ይቀይሩ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እህታችን ሚሪያም ከድሬዳዋ መጥታ ኬንት ተቀመጠች፤ ቀን በመጋዘን እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ ድረ ገጽ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያውን የሠራችው ለአቶ ገንዘብ ጋራዥ ነበር። አቶ ገንዘብም በዕድሩ ስብሰባ ላይ ስልካቸውን ለሁሉም እያዞሩ፣ “እዩዋት፣ ወዲያው ነው የምትከፈተው! ደግሞ እዚህ ጋ ነካ ካደረጋችሁ በቀጥታ ኮል ታደርጋለች” እያሉ አሳዩ። የአቶ ተክለ ጻድቅ ፊት ጠቆረ። “ኦኬ፣ ሶ ማን ነው የሠራት?” አሉ፤ ሚሪያም መሆኗ ተነገራቸው። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሳያቋርጡ የዚያችን ገጽ እንከን ሲዘረዝሩ ልጃቸው ኤዶም፣ “ዳድ፣ ዩ አር ጄለስ” ብትላቸው፣ “ጄለስ አይደለሁም፤ ስለ ኳሊቲ ነው የማወራው” ብለው ተቆጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቤተሰቡ ሲያስበው ያስቀዋል፤ በጊዜው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የመኪናቸው ፍሬን እየጮኸ አቶ ገንዘብ ጋራዥ አልሄድም ብለው ከረሙ። ማውንት ቤከር አንድ ምግብ ቤት ገብተው ካዘዙ በኋላ ገጹን የሠራችው ሚሪያም መሆኗን ቢሰሙ፣ ክትፎው ሳይቀርብ ተነሥተው ወጡ፤ ወይዘሮ ሰምሃል ክትፏቸውን ረጋ ብለው በልተው በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሚሪያም አዲስ ገጽ በሠራች ቁጥር ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ፤ ከፍተው ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፣ ዘግተው መልሰው ይከፍታሉ። ነካ ሲያደርጉት የሚደውለውን ነገር ግን ቀስ ብለው በራሳቸው ገጾች ሁሉ ላይ አስገቡት፤ ሐሳቡም ከድሮ ጀምሮ የእርሳቸው እንደነበር ተናገሩ። ቅናታቸው ያንን ያህል ነበር።

ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በገቡበት ሳምንት የወይዘሮ ባየሽ የሕፃናት ማቆያ ድረ ገጽ ድንገት ጠፋ። በየዓመቱ የሚከፈልበት የገጹ ስም እንዲታደስ የሚያሳስበው መልእክት ወደ አቶ ተክለ ጻድቅ ኢሜይል ቢመጣም የሚያነበው ሰው አልነበረም። ወላጆች ማቆያው የተዘጋ መስሏቸው ለልጆቻቸው ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመሩ። የሁላችሁም ጉድ የወጣው ያን ጊዜ ነው። የሱቆቻችሁ የድረ ገጽ ስም በሙሉ በአቶ ተክለ ጻድቅ ኢሜይል ተመዝግቦ፣ የይለፍ ቃሉም በእርሳቸው ብቻ ተይዞ፣ ሁላችሁም “አንተው ያዘው” ብላችሁ ኖራችኋል፤ የይለፍ ቃሉን መጠየቅ ሰውዬውን መጠርጠር ሆኖባችሁ ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። እርሳቸውም ሥራቸውን ሌላ እጅ እንዳይነካባቸው ስለፈለጉ ደስ ብሏቸው ይዘውታል።

ወይዘሮ ባየሽ ጨንቋቸው ሚሪያም ዘንድ ሮጡ። ሚሪያም አዲስ ገጽ በሌላ ስም መሥራት አላቃታትም፤ ነገር ግን፣ “እትዬ፣ ይሄ የጋሼ ተክሌ ሥራ ነው። እሳቸው ሳይፈቅዱ አልነካውም” ብላ መለሰቻቸው። አቶ ተክለ ጻድቅ ነቅተው ከአልጋቸው ላይ ስሙን ካሳደሱና ገጹን ከመለሱ በኋላ ይህን ሰሙ። ቤተሰቡ ይደሰታሉ ብሎ ሲጠብቅ እርሳቸው በጠባይዋም ቀኑባት።

ሐኪሞቹ የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ነገሯቸው። የይለፍ ቃሎቹን ሳያስረክቡ ቢያርፉ፣ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት ሁላችሁም የሱቆቻችሁን ስም ተራ በተራ ታጡ ነበር። ከከተማው ድረ ገጽ ሠሪ ድርጅቶች የተጠየቁት ደግሞ የአማርኛውን ፊደል ሲያዩ አፈገፈጉ፣ ፍልሰታ የሚባል ጾም መኖሩን ሲሰሙ ጭራሽ ተዉት። ሥራውን መረከብ የምትችል አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እርሷም የሚቀኑባት ሴት ናት። ወይዘሮ ሰምሃል ለመኗቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አቤል ለመናቸው፣ “ከእኔ ጋር ይቀበር” አሉት። ያን ዕለት ወይዘሮ ሰምሃል ማድ ቤት ገብተው አለቀሱ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ይላክባቸው የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እኚሁ ባለቤታቸው ናቸው። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ መልከጸዴቅ፣ አቶ ገንዘብና የሚሪያም አጎት ተመረጡ፤ የአቶ ተክለ ጻድቅ ታናሽ ወንድም አማረም ከቤት ወጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር በር ላይ ቆሞ አንኳኳ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ “የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም” ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። አቶ ተክለ ጻድቅ ሶፋው ላይ ከተኙበት ቀና ብለው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ልጅ እንደሚድር አባት ኮስተር አሉ። አቶ መልከጸዴቅም ድረ ገጾቹን ለልጃችን ለሚሪያም እንዲሰጡን ለልመና መጥተናል አሉ። እርሳቸው ግን በሕይወታቸው ማንንም አማክረው የማያውቁት ሰው፣ “ቤተሰቤን ሳላማክር ቃል አልሰጥም። ቅዳሜ ተመለሱ” አሉ። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ስለማየታቸው ማንም እርግጠኛ ባይሆንም ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ሄዱ።

ቅዳሜም ደረሰላቸው። በእጇ ያለ ገጽ ወድቆባት ያውቃል ወይ፣ ሰው ሲደውልላት ስልክ ታነሣለች ወይ፣ ደንበኛ ሲነዘንዛት ትቆጣለች ወይ እያሉ አጎትዬውን ሲመረምሩ ቆይተው፣ ልጅቷ ራሷ ትምጣ አሉ። ሚሪያም መኪና ውስጥ ትጠብቅ ነበርና ገባች። ወይዘሮ ባየሽን ለምን እንደመለሰቻቸው ጠየቋት። እርሷም አንገቷን ደፍታ፣ “ጋሼ፣ እኔ እኮ የተማርኩት የእርስዎን ገጾች እያየሁ ነው። ያን የጾሙን ነገር እንዴት እንደሠሩት ለማወቅ ስንት ሞክሬ አቃተኝ። እኔ ሙስሊም ሆኜ ፍልሰታ መቼ እንደሚገባ የማውቀው በእርስዎ ምክንያት ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ በጣም ነው የቀናሁት” አለች። አቶ ተክለ ጻድቅ፣ “ማነው የቀናው?” አሉ። “እኔ” አለች። “በማን?” “በእርስዎ።” ደግመው አስነገሯት። ከዚያም ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፌታቸው እስኪያማቸው ድረስ ሳቁ፤ ለሽማግሌዎቹም ተቀመጡ አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ሚሪያም ከሥራ ስትወጣ እየመጣች አጠገባቸው ስትቀመጥ፣ ሁለቱ አብረው የእያንዳንዱን ሱቅ ስም ወደ ባለቤቱ ኢሜይል አዛወሩ፤ የጾሙን ዘዴም ከነሚስጥሩ አስተማሯት። ቶሎ ስትይዘው መከፋታቸው አልቀረም፤ ደንበኛ ሲያመሰግናት ሰምተው ያኮረፉበት ቀንም ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን፣ ሌላ ድርጅት ወይዘሮ ባየሽን በርካሽ እንሥራልሽ ብሎ እያግባባቸው መሆኑን ሲሰሙ፣ ለመቀመጥ የማይችሉት ሰው ተነሥተው ስልክ አምጡልኝ አሉ። ደዋዩን ሰው ራሳቸው አግኝተው፣ “ይቺ የሚሪያም ደንበኛ ናት! ዳግመኛ ኮል እንዳታደርግ!” ብለው በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተቆጡት። እንደዚያ የሚቀኑት ለራሳቸው ነገር ብቻ መሆኑን ቤተሰቡ ያውቃል።

አቶ ተክለ ጻድቅ በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ ንስሐቸውን ፈጽመው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሬንተን መኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት በሕይወት ትተዋቸው የሚሄዱትን ሰዎች ስም በምን ቅደም ተከተል እንደምናነብ ራሳቸው አዘዋል። አማረ ቅደም ተከተሉን ሲሰማ፣ “እኔ የእናትህ ልጅ አይደለሁም እንዴ?” ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ የተባለው አይለወጥም አሉት። ስለዚህ እንደ ትእዛዛቸው እናነባለን፦ ውድ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰምሃል፣ ልጃቸው ኤዶም፣ ልጃቸው አቤል፣ ልጃቸው ሚሪያም፤ ከእነርሱም ቀጥሎ ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው አማረ። አማረ ይህን መስመር ሲጽፍ ቀንቷል፤ አሁን ሲያነበውም እየቀና ነው።

ቸሩ እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ለሦስቱም መጽናናትን ይስጥልን፤ በሰማይ የሚያዘጋጅላቸውንም ስፍራ አጠገባቸው ካለው ሰው ስፍራ የማያንስ ያድርግላቸው። አሜን።