የጋሼ ሻንካን ቤት የተሸከምን ጊዜ

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዶርዜ ላይ ቤት ብቻውን ይሸጥ ነበር፤ መሬቱ ይቀራል፣ ቤቱ ይሄዳል። የቀርከሃ ነዋ! ወንዶች ከሥሩ ገብተው ሆ ብለው ያነሱታል፣ ተሸክመው ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። ታዲያ ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ የእኔ ቤት ተቃጠለ፣ እና ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ወንድሟ ዘንድ ተጠጋን። ሰው ቤት መጠጋት ታውቃላችሁ? ማሳል እንኳ ያሳፍራል።

ጎረቤታችን ጋሼ ሻንካ፣ "አርባ ምንጭ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው፣ ቤቴን ግዛኝ" አለኝ። ሽማግሌ ፊት ተዋዋልን፣ ከፈልኩት። ታዲያ በቀኑ ተሸካሚ ሰብስቤ፣ የሚጠጡትን ቦርዴ አስጠምቄ ብሄድ፣ ሰውየው በሩ ላይ ቁጭ ብሏል!

"ምነው ጋሼ? ተነሳ እንጂ።"

"አልነሳም። ገንዘብህን ውሰድ።"

"ገንዘብ ውስጥ ይታደራል እንዴ? እኔ የገዛሁት ቤት ነው!"



እና ከሰስኩት። አርባ ምንጭ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ፣ ያ ዳገት ጉልበቴን በላው። ዳኛው ከሰሜን የመጣ ወጣት ነው፣ ድምፁ ቀጠን ያለ፣ "አባት፣ ገንዘቡን ከነካሳው ይመልሱልዎትና ሌላ ቤት ያሠሩ፣ አይሻልም?" አለኝ።

"ጌታዬ፣ ክረምቱ ደርሷል። ቀርከሃው ተቆርጦ፣ ተሠርቶ እስኪያልቅ የት ልደር? ካሳ ዝናብ አያስጥልም!"

ወደ ሻንካ ዞረና፣ "ውሉን ለምን አፈረሱ?" አለው።

ሻንካ መሬት መሬት እያየ፣ "ልጄ አትምጣ አለኝ" አለ።

ዳኛውም፣ "ያሳዝናል፤ ግን ውል ውል ነው፣ ቤቱን ያስረክቡ" አለ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ እናንተዬ። ታዲያ ፖሊስ ይዘን ሄድን፣ ሻንካም ወጣ፣ እና ቤቱን አነሳነው። ዞር ብዬ ባይ፣ እሱና ሚስቱ ቤቱ በነበረበት ባዶ አፈር ላይ ቆመዋል፤ ምድጃው ገና ይጨሳል።

ቤቱን ቦታችን ላይ አስቀመጥን። "ግቢ" ብላት፣ ዘነበች "አልገባም" አለች።

"ፍርድ ቤት የሰጠን እኮ ነው!"

"እነሱስ የት ይደሩ አለ ፍርድ ቤቱ?"

ሻንካ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ፤ "ጋሼ፣ ተነሳ፣ ቤትህ... ቤቴ እንሂድ" አልኩት። ምላሴም ደክሞት ነበር። መጡና አብረን ገባን። ጠዋት ጠዋት፣ "ይህን በር አበላሸኸው፣ በእኔ ጊዜ እንዲህ አልነበረም" ይለኛል። ኧረ ስንቱን!

"በጋ ሲገባ ቤቴን አሠርቼ እወጣለሁ" ብሎ ሽማግሌ ፊት ቃል ገብቶልኝ ነበር። በጋ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፤ እዚያው እንዳለ ሞተ፣ ነፍሱን ይማር። ያንንም ውል አፈረሰ። ግን ማን ይክሰስ? ያን ዳገት ደግሞ ማን ይውጣ! (ሳቁ)