ፔኮሪኖ የሚለቀምበት ቀን

ማክሰኞ ጧት አቶ ኤቫሪስቶ አንድ ዳቦ ገዝተው ከዳቦ ቤት መውጣታቸውን ለአንባቢ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። በሩ ላይ የጎረቤታቸው የአቶ ሴቲሚዮ ወንድም ልጅ ኤልቪዮ ገጠማቸው፤ አስኮሊ ከተማ ካለው የእርሻ ትምህርት ቤት መመለሱ ነበር። ፀጉር ቤቴ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ፤ ደንበኛዬ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ጠበቀኝ።

«ጋሼ ኤቫሪስቶ፣ እንደምን አደሩ?»

«ምን ማደር አለ! ኖሪና ከፋሲካ በኋላ ለሚሆነው ሠርጓ የአጎትህን ወይን ልታስቀዳ ነው። እኔ አባቷ በርሜል ሙሉ እያለኝ! መቼም ቅናት የሚባል ነገር አላውቅም። የሰውየው በርሜል ግን ቢፈነዳ አላለቅስም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥፋቱ የለቀማው ቀን ላይ ነው። ፔኮሪኖ የሚባለው ነጭ ወይን በመስከረም ይበስላል። እርስዎ ከሌላው ወይን ጋር እስከ ጥቅምት ያቆዩታል፤ ያን ጊዜ ኮምጠጥ ማለቱ ይጠፋና ጣዕሙ ይዝላል።»

«ደቦው የሚመጣው በጥቅምት ነዋ! ለአንድ ወይን ብዬ አገሩን ሁለቴ ላብላ? አባቴም በጥቅምት ነው የለቀመው። አጎትህ ራሱ በአባቶቼ ቀን ነው የምለቅመው እያለ በየመጠጥ ቤቱ ይምል የለም እንዴ?»

ኤልቪዮ ዳቦውን አየ። «እሱ የሚምለውን እሱ ያውቃል። ከተራራ የሚወርዱት በጎች እንኳ መጀመሪያ የሚጎርሱት ፔኮሪኖን ነው። ስሙም ከፔኮራ፣ ከበግ የመጣ ነው ይባላል።»

«እንግዲህ በግ ያስተምረኛ!»

«ኖሪና እሑድ ዕለት የአጎቴን ወይን ስትቀምስ ምን እንዳለች ያውቃሉ? ‹የአባቴ የወይን ሐረግ እኮ ከዚህ የቆየ ነው› ብላ ብርጭቆውን ሳትጨርስ ተነሣች።»

አቶ ኤቫሪስቶ ዳቦውን በጣታቸው እየቆነጠሩ ሄዱ። እኔም ልጁ እውነቱን ነው አልኩ፤ በልቤ ነው እንጂ በአፌ አይደለም፤ ሁለቱም ቤተሰቦች ደንበኞቼ ናቸውና።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ገና መስከረም ሳለ፣ የመንደራችን ጠባቂ ቅዱስ በዓል ነበር። አቶ ኤቫሪስቶ ወገባቸውን አሟቸው ቀሩ። አቶ ሴቲሚዮም ጉልበታቸውን። ሁለት ተሸካሚ ሲጎድል በሰልፍ የምናዞረው የቅዱሱ ሐውልት ከበደን፤ ካህኑም አቀበቱን ትተን በወይን እርሻዎቹ መካከል ባለው አቋራጭ እንድንሄድ አዘዙ።

የሁለቱን እርሻ ከሚለየው ግንብ ወዲህና ወዲያ ሁለቱ በሽተኞች ጎንበስ ብለው የፔኮሪኖ ዘለላ ይቆርጣሉ። የሰልፉ ጥሩምባ ዝም ሲል እኩል ቀና አሉ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀጥሎ ቅዱሱን አዩ።

«ወገብህስ?» አሉ አቶ ሴቲሚዮ።

«ከጉልበትህ ይሻላል» አሉ አቶ ኤቫሪስቶ።

ፔኮሪኖን በጊዜው መልቀም ጥቅሙ ብዙ ነው። ወይኑ አይዝልም፣ መዓዛው ይቆያል፣ የጥቅምት ዝናብ አያሻግተውም፣ በግም የሰው ድርሻ አይበላም። ይህን ለሕዝቡ ላስረዳ አፌን ስከፍት ኖሪና ሻማዋን አስያዘችኝና ወደ አባቷ ቅርጫት ሄደች። አንድ ፍሬ ቀመሰች። ሌላ ደገመች።

«አባዬ፣ ለዚህ የሚሆን በርሜል አጥበሃል?»

«ትናንት» አሉ አቶ ኤቫሪስቶ፣ መሬት መሬት እያዩ።

የቅርጫቱን አንድ ጆሮ ያዘችላቸው። አቶ ሴቲሚዮ በግንቡ ላይ አንገታቸውን አስግገው የጎረቤታቸውን ዘለላ ሲያዩ፣ ያ ዓይን ማክሰኞ ዕለት ዳቦ ቤት በር ላይ አቶ ኤቫሪስቶ ቅናት አላውቅም ሲሉ ያየሁት ነው።