በጸሎት የተለካ ፎቶ

በዚያ የጦርነት ሰሞን እንግዳ ሰው ሐይቁ ዳር ሣጥን ደቅኖ መታየቱ ደግ አልነበረም። እኔ ቤት ያረፈው ፎቶ አንሺ ግን ደቀነ። የፎቶ ማንሻ ሣጥኑ መስታወት የለውም፤ በመርፌ የተበሳች ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችው። «አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ትከፈታለች፤ ፎቶው እዚሁ ይወጣል» ብሎ ልኩን ለእኔ ጸሎት ተወው።

ቀዳዳዋን ሊከፍት ሲል የጎረቤቴ ልጅ ሰይድ፣ ሚሊሻው፣ ከች አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ፈንጂ ነው። ይከፈት።»

«ሣጥኑ ከተከፈተ ፊልሙ ይቃጠላል» ብሎ ሰውዬው ከለለው። ሰይድ ጠመንጃውን አቀባበለ። እመቤቴን ጠርቼ ከሣጥኑ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ፈንጂ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይብላኝ። ና፣ ፎቶ አብረን እንነሳ።»

ሰይድ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ስንት ይፈጃል?»

«አንድ አቡነ ዘበሰማያት።»

«በፋቲሓ ስንት ይሆናል?»

«ቀስ ብለህ ቅራት፣ ይበቃል።»

አጠገቤ ቆመ። ፎቶ አንሺው ቀዳዳዋን ከፈተ። እሱም በልቡ ቀራ፣ እኔም ደገምኩ። ጠመንጃው ብቻ በማንገቻው ከእጁ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።

ወረቀቱ ወጥቶ ቀስ እያለ ሲጠራ ሐይቁ አለ፣ እኔና ሰይድም አለን።

«ጠመንጃዬስ?»

«ሲወዛወዝ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አይወጣም» አለው ፎቶ አንሺው።

ሰይድ ፎቶውን ደጋግሞ አየው። «አልሐምዱሊላህ። ለእናቴ ስጡኝ» አለ። «እንዲህ ባዶ እጄን ካየችኝ ከርማለች።»