የኮርኒሱ ሳንቃ

አዲስ አበባ፣ ሠራተኛ ሰፈር፤ በአሮጌው የእንጨት ፎቅ ቤት ደርብ ላይ፣ አናጺው ደምመላሽ የሟች ወንድሙን ሚስት ወይዘሮ ዘርትሁንን ቤቱ እንዲታደስ እሺ ይበሉ እያለ ይለምናቸዋል።

ዘርትሁን፦ አይታደስም አልኩህ! ይፍረስ።

ደምመላሽ፦ እትዬ፣ ሰው ሁሉ ቤቴን አታፍርሱብኝ ብሎ ያለቅሳል፤ እርስዎ ቅርስ ነው፣ እናድስልዎ ሲባሉ አፍርሱልኝ ይላሉ?

ዘርትሁን፦ ቅርስ! ጣራው እንደ ወንፊት ሲያፈስብኝ የት ነበሩ?

ደምመላሽ፦ የቅርስ ሰዎች ዘግይተውም ቢሆን መጡ። እርስዎ እምቢ ካሉ ሰኞ ዶዘር ይገባል።

ዘርትሁን፦ ይግባ።

ደምመላሽ፦ አባቴ የሠራው ቤት እኮ ነው! ጥዱን ከመናገሻ በበሬ አስጎትቶ፣ ማገሩን በጠፍር አስሮ፣ የበረንዳውን የእንጨት ጥልፍ ከህንድ አናጺ ጎን ተቀምጦ ፈልፍሎ። ጭቃው ቢረግፍ እንጨቱ ብቻውን ይቆማል።

ዘርትሁን፦ እሱማ ቆሟል። የወደቅሁት እኔ ነኝ።

ደምመላሽ፦ ቀበሌ ወርሶ ሊሸነሽነው ሲመጣ “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ብለው በሩ ላይ የቆሙት እርስዎ አልነበሩም?

ዘርትሁን፦ ያኔ ልጄ ነበረኛ! አስናቀ ነበር።

ደምመላሽ፦ እሱን ዛሬ አናንሳው።

ዘርትሁን፦ መቼ አንስተኸው ታውቃለህ? በቀይ ሽብር እዚህ ከራስህ በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ተደብቆ ሲከርም እህል ውኃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ደምመላሽ፦ ልጅ ነው፤ ፈርቶ ተንቀሳቀሰ፣ ፈታሾቹ ሰሙት። ምን ይደረግ?

ዘርትሁን፦ ተንቀሳቀሰ ያለህ ማን ነው?

ደምመላሽ፦ ሰው ሁሉ...

ዘርትሁን፦ ሰው ሁሉ እዚህ ነበር? ፈትሸው ጨርሰው ደረጃውን እየወረዱ ነበር። የማለዳ ፀሐይ ጣራውን ነካችው። እንጨት ሲሞቅ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ።

ደምመላሽ፦ ይንቋቋል... ጥድማ በየጠዋቱ...

ዘርትሁን፦ ቋ! አለ። ተመለሱ። ወደ ላይ ተኮሱ። ልጄ ትንፋሹን እንኳ አላሰማም፤ ያሳበቀበት የአባትህ ቤት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት እሰማዋለሁ።

ደምመላሽ፦ ወይኔ እትዬ! ይህን ይዘው እንዴት እዚህ ኖሩ?

ዘርትሁን፦ የት ልሂድ? ሬሳውን ጭነው ሄዱ፤ መቃብር የለው። የቀረኝ ሳንቃው የጠጣው ደሙ ነው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ደምመላሽ፦ እኔ ደግሞ... እድሳቱ ሲጀመር መጀመሪያ የሚነቀለው ይኸው ኮርኒስ ነው። በስብሷል።

ዘርትሁን፦ ነቅለው ምን ያደርጉታል?

ደምመላሽ፦ ማገዶ።

ዘርትሁን፦ አየህ? ለዚህ ነው ይፍረስ ያልኩህ። ቤቱ ከነልጄ አፈር ይልበስ።

ደምመላሽ፦ ዶዘር አፈር አያለብስም፣ እትዬ። ጠራርጎ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚደፋው።

ዘርትሁን፦ ...እንዲያ ነው?

ደምመላሽ፦ ይታደስ ይበሉ እንጂ ማንም አይነካውም። ሳንቃውን እኔው በእጄ አወርደዋለሁ። ሳጥን እሠራበታለሁ፤ ቄስ ይፍቱት፣ ከአባቱ ጎን እናሳርፈው።

ዘርትሁን፦ ባዶ ሳጥን?

ደምመላሽ፦ ደሙ እያለበት እንዴት ባዶ ይሆናል?

ዘርትሁን፦ እንግዲያው በልኩ ሥራው። ካንተ ይረዝም ነበር።